ከቫዮሊኗ ሆድ ያወጣኋት እንጨት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ቡናው ቀልቶ ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ይኸው ዓመት ሞላው። እኔ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ሆኜ ትንሽ እንጨት መሬት ላይ ቋ ስትል ከሰማሁ እጄ ቀጥ ይላል። ባለቤቴ አስካለ «አሁንም ያቺ ነገር ናት?» ትለኛለች። አዎ፣ እሷው ናት። ምን ላድርግ።

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ቡፌና ባለሦስት እግር በርጩማ እሠራለሁ። ሙያውን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ስሜ ወልዴ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ወልዴ ይለኛል። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም ብል ውሸት ነው፤ እወዳለሁ። ሰው የተሰበረ ነገር ይዞ ሲመጣ «ይሄን አላውቀውም» ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው አመሌ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት የሙሽራ አልጋ ራስጌ እየላግሁ ሳለ አንድ ሰውዬና አንዲት ልጅ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ሰውዬው አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮት ለብሷል። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፏል። ልጅቷ ሂጃብ ያደረገች፣ ቀጠን ያለች ናት። ዐይኗ አብጧል። መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ እንደመጣች ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የማይጠግኑት እንጨት የለም ብለውን ነው» አለኝ ሰውዬው። «ማሎ፣ እንዳይመልሱን።»

ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው። ትልቅ ሰው ማሎ ሲልህ ሆድህ ይባባል። ያውም «የማይጠግኑት የለም» የምትለዋን አስቀድሞልኛል፤ እኔ እዚያችው ላይ ተሸንፌያለሁ።

ፎጣውን ሲገልጠው ቫዮሊን ናት። ሰውዬው ከድር ይባላል፤ ለጅማ ቅርብ በሆነችው ሰርቦ ውስጥ የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥበቃ ነው። ልጅቷ ልጁ ናት፣ ነኢማ። በጠዋቱ ከሰርቦ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ረዳቱ «ቦታ የለም» ብሎ ቫዮሊኗን ከነማህደሯ አናት ላይ ከቡና ጆንያ ጋር አሰራት። መንገድ ላይ ጆንያው ተንዶ ተጫናት። በአንዱ ጎኗ የፊተኛው ገበታ ከጎኑ ተላቆ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ከዚህ ሌላ የሚታይ ጉዳት የላትም።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳል?» አልኳት። «ኮላ እኮ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ጋሼ፣ ነገ ውድድር አለኝ» አለች።

ነገሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለካ በየዓመቱ እዚሁ ጅማ፣ ከከተማዋና ከዙሪያዋ የቡና ከተሞች ለሚመጡ ወጣት የክላሲካል ሙዚቃ ተጫዋቾችና ድምፃውያን የሚሰጥ ሽልማት አለ። ከዘፋኞቹ አንድ፣ ከመሣሪያ ተጫዋቾቹ አንድ ይመረጣል። ያሸነፈ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያው ተችሎለት ይማራል። ነኢማ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሦስተኛ ወጥታ «በርቺ፣ ተመልሰሽ ነይ» ብለዋታል። ነገር ግን ዕድሜ ይገደባል፤ የዚያ ዓመቱ ለእሷ የመጨረሻ ነው። ቫዮሊን ያስተማሯት ሰርቦ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ ክረምት ላይ አርፈዋል። ይቺን ቫዮሊን የተዉላት እሳቸው ናቸው። የሚጠየቅ ሰው እንኳ የላትም።

«በይ ዐይንሽን ጥረጊ። አሥር ሰዓት ላይ መጥተሽ ትወስጃታለሽ» አልኳት አፌን ሞልቼ።

ከድር ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ፤ ነኢማም ቦሳ አዲስ ወደምትኖር አክስቷ ቤት። እኔና ቫዮሊኗ ብቻችንን ቀረን።

እንግዲህ ስሙኝ። የተወጠረ ነገር ላይ ኮላ አይቀባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክሮቹን አላላሁ። ክሮቹ የሚያርፉባት እንደ ድልድይ ያለች እንጨት ወደቀች። እሷን ከውጭ ስላየኋት በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ወዲያው ግን ከቫዮሊኗ ሆድ ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳነቃንቃት ውስጧ አንድ ነገር ይንከባለላል።

«ይኸውልህ!» አልኩ ለራሴ። «ጆንያው የሰበራት ነገር አለች።»

ከፊቷ ባሉት ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች በአንዱ ላወጣት ገለበጥኳት፣ አዘነበልኳት፣ ነቀነቅኳት። ሩብ ሰዓት ያህል ታገልኩ። በመጨረሻ ወጣች። ከትንሿ ጣቴ የምታጥር፣ እንደ እርሳስ ክብ የሆነች፣ ነጭ እንጨት ናት። ኮላ አልነካትም፤ ምስማር የላትም፤ ከምንም ጋር የተያያዘችበት ምልክት የለባትም። በኛ ሙያ ከምንም ጋር ያልተያያዘ እንጨት ዕቃ ውስጥ ሥራ የለውም። ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ይጣላል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለቱም ጫፎቿ በንጹሕ የተቆረጡ ነበሩ። የተሰበረ እንጨት እንዲያ አይሆንም። ዕድሜ ልኬን እንጨት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄ አይጠፋኝም። ዐይኔ አይቶታል። ግን ማሰብ አልፈለግሁም፤ የሙሽራው አልጋም እየጠበቀኝ ነበር። ወደ ፍቅፋቂው ወረወርኳት።

ኮላውን በቀጭኑ ቀባሁ፣ ገበታውን ገጠምኩ፣ በብስክሌት ካላማዳሪ ዙሪያዋን አሰርኳት። እውነት ለመናገር ያቺ ሥራ ቆንጆ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ቤቱን የምጠርገው እኔ ራሴ ነኝና ጠረግሁ። ሰጋቱራውንና ፍቅፋቂውን ሰብስቤ እንደ ወትሮዬ ለጎረቤቴ ለአዴ ዘይነባ ሰጠኋት። አዴ ዘይነባ ፓስቲና ሻይ ትሸጣለች፤ ምድጃዋ የሚነደው በኔ ሰጋቱራ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ አባትና ልጅ መጡ። ነኢማ የተላቀቀው ቦታ በጣቷ ሲዳሰስ እንኳ አልታወቅ ሲላት ሳቀች። ድልድይዋን አቆመች፣ ክሮቹን ወጠረች፣ ቃኘቻት። ከዚያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጫወት ጀመረች።

ሳቋ ጠፋ። ድምፅዋ የታፈነ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው።

«ጋሼ፣ እንዲህ አልነበረችም» አለችኝ።

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። «ልጄ፣ እኔ አልጋ ሠሪ ነኝ፤ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ» ብላት ምን ይቀርብኝ ነበር? ገና ቀን ነው፤ ሰው ይገኝ ነበር። እኔ ግን ጢሜን እያሻሸሁ «ኮላው ገና እርጥብ ነዋ! ሌሊቱን ይደርቃል። ነገ ጠዋት ድምፅዋ ይመለሳል» አልኳት።

አመነችኝ። ከድር «ገላቶማ፣ ጋሼ፣ ያክብርልኝ» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ክፍያ አልቀበልም ብዬ ደግሞ በላዩ ላይ ተኩራራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ማን ጠራህ አትበሉኝ። የጠገንኳት ቫዮሊን ስትሞገስ ለመስማት ነው የሄድኩት። ለአስካለም ለአዴ ዘይነባም «ዛሬ ሥራዬ መድረክ ላይ ይወጣል» ብያቸው ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ተወዳዳሪዎቹ ይለማመዳሉ። አንዱ ክላርኔት ይነፋል፤ ሌላዋ ድምፅዋን ታሟሙቃለች። ሁሉም ዕጣ አውጥተው ቁጥር ይዘዋል፤ ነኢማ አራተኛ ናት። በአንዱ ጥግ አንዲት ሌላ ልጅ ቫዮሊን ትጫወታለች። ቤተልሔም ትባላለች፣ ከአጋሮ የመጣች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ቫዮሊኗ ለሕፃን የሚሆን አነስ ያለ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ያ ትንሽ ቫዮሊን ግን ግቢውን ሞልቶታል። የኔዋ ትልቋ ደግሞ በነኢማ ትከሻ ላይ ሆና ታጉረመርማለች።

ነኢማ አየችኝና መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ እስካሁን አልደረቀም ማለት ነው?» አለችኝ።

ወደ አጋሮዋ ልጅ ሄድኩ። አጠገቧ አስተማሪዋ ቆማለች፤ ፀሐይ ትባላለች፣ ረጋ ያለች ሴት። «እባክሽ እህቴ፣ የዚህን ቫዮሊን ውስጥ አንዴ ላየው?» አልኳት። ግራ ቢገባትም በስልኳ አበራችልኝ። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ።

ውስጥ አንዲት ክብ ነጭ እንጨት ቀጥ ብላ ቆማለች። ከላይኛው ገበታ እስከ ታችኛው። ኮላ የለ፣ ምስማር የለ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩ።

«ምሰሶዋ ናት። የክሮቹን ንዝረት ከፊት ወደ ጀርባ የምታደርሰው እሷ ናት። ክሮቹ ወጥረው ስለሚይዟት ነው እንጂ አትጣበቅም። ከላሉ ትወድቃለች» አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ምነው? የሚወድቅ ነገር ነበር እንዴ?»

አናጢ ነኝ እኮ! የቤት ምሰሶ ነቅሎ የሚጥል አናጢ የት አገር ታይቶ ያውቃል? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያም በመጣሁበት ተመልሼ ለነኢማና አጠገቧ ለቆመው አባቷ ነገርኳቸው። «ኮላው አይደለም። ከውስጧ አንድ ነገር አውጥቼ ጥያለሁ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው» አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

ከድር መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ማል ጄቴ? ምን አልክ?» አለኝ። ደገምኩለት። «አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልንህ?» አለ። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። አልከፋኝም። አንተ መባል ሲያንሰኝ ነው።

ነኢማ አልጮኸችም። ቫዮሊኗን ከትከሻዋ አወረደችና «ትናንት አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ እኮ፣ ጋሼ፣ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር» አለችኝ።

እስከ ዛሬ በጥፊ የተመታሁት ብዙ ነው፤ እንደዚያች ቃል ያመመኝ ግን የለም።

ፀሐይ ተከትላኝ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ያውም የተማሪዋ ተፎካካሪ። «ሌላ ምሰሶ መሥራት ይቻላል» አለች። «ቀላልና ቀጥ ያለ እንጨት ካገኘን፣ ሁለት ሰዓት ቢበዛ። ችግሩ ተራሽ ነው፤ አራተኛ ነሽ።» በቤተልሔም ትንሽ ቫዮሊን ትጫወት እንዳይባል ነኢማ ሞክራው ጣቷ አልገጠመም። ፀሐይ አዘጋጆቹን ሄዳ ጠየቀች። ሁለት የመሣሪያ ተወዳዳሪዎች ከተስማሙ ተራ መለዋወጥ ይችላሉ አሏት። ከመጨረሻዎቹ ቁጥሮች መሀል መሣሪያ የያዘች ቤተልሔም ብቻ ናት፣ አሥራ አንደኛ።

ፀሐይ ተማሪዋን አላዘዘቻትም። አየቻት ብቻ። ልጅቷ ትንሽ ቫዮሊኗን አየች፣ የግቢውን በር አየች፣ ከዚያ ነኢማን አየች። «እሺ» አለች።

ቤተልሔም አራተኛ ሆና ብቻዋን መድረክ ላይ ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ስፈልግ በደንብ እንኳ አልሰማኋትም። ጨርሳ ስትወርድ ቫዮሊኗን ለፀሐይ ሰጠቻት፤ «ልኩን እዩበት» አለች። አራታችን፣ እኔ፣ ፀሐይ፣ ነኢማና ከድር፣ ሁለት ቫዮሊን ታቅፈን አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጨቅን።

መጀመሪያ የሄድኩት አዴ ዘይነባ ጋ ነው። «አዴ፣ የትናንቱ ሰጋቱራ የታለ?»

«ነድዶ አልቋል እንጂ! ምነው?» አለች ፓስቲ እየገለበጠች።

«ውስጡ አንዲት ክብ እንጨት…»

«ወላሂ፣ ያየሁት እሳት ብቻ ነው። ሰውም ፓስቲውን በልቶ ሄዷል» አለችኝ። ከድር በቁጣ ውስጥ ሆኖ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትንሽ ፈገግ ሲል አየሁት።

ሥራ ቤቴ ውስጥ ከአንድ የፈረሰ የጣሊያን ዘመን ቤት ኮርኒስ ያወጣሁት ነጭ ጣውላ አለኝ። ቀላል ነው፤ የእንጨቱ መስመርም እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ለምን እንዳስቀመጥኩት ሳላውቅ ስንት ዓመት ይዤው ነበር። ፀሐይ በጣቷ መትታ አዳመጠችውና «ይሄ ነው» አለች። በመጋዝ አልነካሁትም፤ በመሮ ፈልጬ በቢላ አክብቤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እጄ የሚያውቀው ሥራ ነዋ።

ማስገባቱ ነው ያስለቀሰኝ። የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን ስዬ አጠፍኩት፣ እንጨቷን ወጋሁባት፣ በቀዳዳው አስገባሁ። ፀሐይ የቤተልሔምን ቫዮሊን ውስጥ እያየች «ወደ ቀኝ፣ ከድልድይዋ እግር ትንሽ ወደ ኋላ» ትለኛለች። ከድር የስልኩን መብራት ይዞልኛል። አቆምኳት፤ ወደቀች። ረዘመች፤ አውጥቼ ላጥኳት። አቆምኳት፤ ወደቀች። ሌላ ሠራሁ። አጠረች። ነኢማ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የመሬቱን ፍቅፋቂ ታያለች። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ ብቻ አንዷ ቆመች። ሽቦውን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ቆማ ቀረች።

«ክሮቹን ቀስ ብለሽ ወጥሪ» አለቻት ፀሐይ።

ነኢማ ወጠረች፣ ቃኘች፣ አንድ ጊዜ ሳበችው። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከግድግዳ የተደገፉት ጣውላዎቼ ሁሉ የነዘሩ መሰለኝ። ከድር «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

አዳራሽ ስንደርስ ዘጠነኛው መድረክ ላይ ነበር። ነኢማ አሥራ አንደኛ ሆና ወጣች። ስለ ሙዚቃ አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ከዚያ ቀን ወዲህ አያስፈራኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስትጫወት አጠገቤ የተቀመጠ የዘፋኝ አባት ስልኩን መነካካቱን ተወ።

ከሰዓት በኋላ ውጤት ተነገረ። ከመሣሪያ ተጫዋቾች አንደኛ ነኢማ ከድር። ሁለተኛ ቤተልሔም፤ ለእሷ የምስክር ወረቀት።

ነኢማና አባቷ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ደስታው ለኔም ተርፎኛል። ግን ዐይኔ ያቺን ሌላዋን ልጅ ይፈልጋል። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንሽ ቫዮሊኗን ወደ ማህደሯ ስትመልስ አገኘኋት። ዐይኗ ቀልቷል። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ልጄ፣ በኔ ጥፋት ነው። ተራሽን ባትለቂ ኖሮ ምናልባት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ ጋሼ!» አለችኝ ቶሎ ብላ። «እኔ እኮ መጨረሻ መሆን አልፈልግም ነበር። ስጠብቅ ሆዴን ያመኛል። በጊዜ ተገላገልኩ።» ስቃም አሳየችኝ።

ደስ አለኝ። ጅል ስለሆንኩ አመንኳት። ልሰናበት ስል ግን ፀሐይ ወደ ጎን ሳበችኝ። እየተቆጣችኝ አልነበረም፤ እንዳውቀው ብላ ነው። ቤተልሔም ብቻዋን እንድትጫወት የተዘጋጀ ነገር አልነበራትም። በፒያኖ የምታጅባት ጓደኛዋ ለእናቷ ቡና ስትለቅም አርፍዳ ገና ከአጋሮ መንገድ ላይ ነበረች። አሥራ አንደኛ ሲደርስ ትደርስ ነበር። ያቺ ልጅ «እሺ» ከማለቷ በፊት የግቢውን በር ያየችው ጓደኛዋ መጥታ እንደሆነ ልታይ ነው። አልመጣችም። እያወቀች እሺ አለች።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ውሸት ተዋሽቷል። አንዱን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሽበቴን ተማምኜ፣ ራሴን ላለማሳፈር። ሌላውን የዋሸችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ እኔ እንዳላፍር።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ቤቴን የምጠርገው ባለቤቱ ዕቃውን ወስዶ፣ ሁሉ ነገር ቦታው መሆኑን ነግሮኝ ከሄደ በኋላ ነው። አዴ ዘይነባ «ሰጋቱራው ዘገየብኝ» እያለች ትነጫነጫለች። ትነጫነጭ።

ነኢማ አዲስ አበባ ገብታ እየተማረች ነው። አንድ ቀን ደወለችልኝ። እዚያ ያለው አስተማሪዋ የቫዮሊኗን ውስጥ አይቶ «ይቺን ምሰሶ ማን ነው ያቆማት?» ብሏታል። «አንድ አልጋ ሠሪ» ብላ መለሰችለት። «ትንሽ ተንጋዳለች» አለ አሉ፤ «ግን እንዳትነኪያት።» ይህንን ስንት ሰው ዘንድ እንዳወራሁት አትጠይቁኝ። አመሌ ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ይህንን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ባለፈው ሳምንት በሆነው ነው። ከድር ከሰርቦ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ያው ኮት ነው። እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ያቺኑ ቫዮሊን ታቅፏል። ነኢማ ትምህርት ቤቷ ሌላ ስለሰጣት ይቺን መልሳ ልካታለች። ዘንድሮም ውድድሩ ደርሷል፤ ቫዮሊኗ የምትሄደው አጋሮ ነው፣ ለቤተልሔም። ነኢማ «ጆንያ አጠገብ እንዳትደርስ፣ አባዬ፣ ጭንህ ላይ» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

«ጋሼ፣ መንገድ ከመቀጠሌ በፊት ውስጧን ይዩልኝ እስቲ» አለኝ። «ምሰሶዋ ቆማለች?»

እርስዎ አለኝ። ዓመት ሙሉ በስልክም በአካልም አንተ እያለኝ የኖረ ሰው።

«ቆማለች» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። ቫዮሊኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኳት፣ የስልኬን መብራት አበራሁ፣ ጎንበስ ብዬ በአንደኛው ቀዳዳ አየሁ፣ ከዚያም በሌላኛው። ትንሽ ተንጋዳ፣ ነጭ፣ አለች።

«ቆማለች» አልኩት።